ባሌስትራ ላይ የተንጠለጠለ ትዝታ

ስለ መኪና የሚያወራ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሞተር ይጀምራል። የፈረስ ጉልበቱን ይቆጥራል፣ ካምቢዮውን ያደንቃል፣ ነዳጅ አጠጣጡን ያነሳል። እኔ መኪናን የወደድኩት ከታች፣ ከሻንሲው ሥር ነው። እዚያ ተደራርበው የጎበጡ፣ የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙ ብረቶች፣ ባሌስትራው አለ። ከባሌስትራው አንድ ጫፍ ደግሞ ሁለት አጫጭር ዝርግ ብረቶችና ሁለት ብሎኖች ያሉት ማንጠልጠያ ይገኛል፤ መለዋወጫ ሻጮች ሻክል ይሉታል። በመዳፍ የሚያዝ፣ ለዓይን የማይሞላ ዕቃ ነው። ይህን ማንጠልጠያ ያወቅሁት በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በመናገሻና በሱሉልታ መንገዶች ላይ፣ ዕውቀታቸውን ለልጅ የማይነፍጉ ሰዎች አጠገብ ሆኜ ነው። የማወጋችሁም ስለ እሱና ስለ እነሱ ነው።

ሰበታ በልጅነቴ በጋሪ የምትንቀሳቀስ ከተማ ነበረች። ከጅማ መንገድ ወርዶ ወደ መንደር የሚገባ መንገደኛ፣ እህል ሸምታ የምትመለስ እናት፣ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሽማግሌ፣ ሁሉም ጋሪ ይሳፈር ነበር። የጋሪዎቹ ጎማና አክስል ከአሮጌ መኪና የተወሰደ ነበር። ደህና ደህናዎቹ ደግሞ ከመቀመጫው ሥር ባሌስትራ ነበራቸው። ባሌስትራ ባለው ጋሪ መሄድና በሌለው መሄድ ለልጅ ወገብ እንኳ ይለያል። የሰፈራችን ባለጋሪ ፈረሱን ሲያሳርፍ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ባሌስትራውን እመለከት ነበር። ሰው ሲሳፈር የጎበጠው ብረት ይዘረጋል፣ የኋላ ጫፉም ማንጠልጠያውን ገፍቶ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰው ሲወርድ ይመለሳል።

«ጋሼ፣ ይሄ ብረት ለምንድን ነው የሚንቀሳቀሰው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ካልተንቀሳቀሰማ ይሰበራላ!» አለኝና የፈረሱን ልጓም አስተካከለ።

መልሱ አጭር ነበር፤ ግን ነገሩን ሁሉ ይዞታል። የጎበጠ ብረት ሲጫኑት ይዘረጋል፤ ሲዘረጋም በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል። ሁለቱም ጫፎች ሻንሲው ላይ በብሎን ከተቸነከሩ የሚረዝምበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ አንዱ ጫፍ ይታሰራል፣ ሌላው ወዲያና ወዲህ በሚል ማንጠልጠያ ላይ ይንጠለጠላል። ይህ ዕውቀት ከመኪና ይቀድማል። ኦባዲያ ኤሊየት የተባለው እንግሊዛዊ ሠረገላን በተደራረቡ ብረቶች ላይ የማንጠልጠል ዘዴውን በስሙ ያስመዘገበው በ1804 እ.ኤ.አ. ነው። መኪና ሲመጣ ባሌስትራውን ከሠረገላ ወረሰ። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ ይዞት የመጣው መኪናም ቢሆን ያን ሁሉ ገደልና ድንጋይ ያለፈው በባሌስትራ ነው። የሰበታው ባለጋሪ በዚያ የቆየ ዕውቀት ላይ ተቀምጦ ፈረሱን ይነዳ ነበር።

ትምህርት ሲዘጋ አጎቴ ዘንድ ቡራዩ እሄድ ነበር። አጎቴ ከድንጋይ ካባ ወደ አዲስ አበባ የግንባታ ቦታዎች ድንጋይ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ያኔ ፊያት ኤንትሬዎች ገና መንገድ ላይ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከሩቅ ይታወቃል። አጎቴ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ያስቀምጠኝና ወደ ካባው ይዞኝ ይገባል። ጫኞቹ ስፖንዳውን እስኪያልፍ ድንጋይ ይከምራሉ። ጭነቱ ሲያልቅ አጎቴ ይወርድና የኋላውን ባሌስትራ ጎንበስ ብሎ ያያል። ከዚያ አመልካች ጣቱን በማንጠልጠያውና በሻንሲው መካከል ያስገባል።

«ጣቴ ካልገባ ድንጋይ ይወርዳል» ይላል።

ጫኞቹ ያጉረመርማሉ፣ ረዳቱም ፊቱን ያጨማድዳል። አጎቴ ግን ፍንክች አይልም። ጣቱ የማይገባ ከሆነ ባሌስትራው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቷል፣ ማንጠልጠያውም ወደ ኋላ ተኝቶ ሻንሲውን ነክቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጉድጓድ ሁሉ በቀጥታ ሻንሲውን ይመታል። ቶንና ኩንታል የሚነግር ሚዛን በሌለበት ካባ ውስጥ የአጎቴ ጣት ሚዛን ነበረች። እስካሁን የጭነት መኪና ቆሞ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች ክፍተት ነው።

አንድ ቀን ከካባው ስንወጣ ከኋላ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ላይኛው ረጅሙ የባሌስትራ ብረት ከጆሮው፣ ከተጠቀለለው ጫፉ፣ አጠገብ ተሰብሮ ነበር። ጭነቱ ከመጠን ያለፈ አልነበረም። አጎቴ ማንጠልጠያውን በመዶሻ መታ መታ አደረገና የተሰበረበትን ምክንያት አሳየኝ፤ ማንጠልጠያው የሚዞርበት ፔርኖ ዝጎ በዙሪያው ካለው ቦኮላ ጋር ተጣብቋል። ግራሶ ሳይቀባ ስለከረመ አልዞር ብሏል። ማንጠልጠያው ሲደርቅ ባሌስትራው እንደ ልቡ መዘርጋት አቃተው፣ በየጉድጓዱ ጆሮው አጠገብ ተጠመዘዘ፣ በመጨረሻም በዚያው ተሰበረ። ያን የሚያህል ብረት የሰበረው አንድ ማንኪያ ግራሶ ማጣት ነው። አጎቴ ያን ዕለት በደረቅ ፊት የነገረኝን ዛሬም እሰማዋለሁ፦ «ጠንካራውን ነገር የምታድነው የሚላወሰውን በመንከባከብ ነው።»

የተሰበረው ብረት አልተጣለም። አገራችን ውስጥ የተሰበረ ባሌስትራ የሚጥል ሰው አላየሁም። አጎቴ ቅዳሜ ወደ መናገሻ ገበያ ይዞት ሄደና ለባለእጅ ሸጠው። ባለእጁ ወናፉን እያናፋ ብረቱ እስኪቀላ አጋለው፣ በመጥረቢያ ጠርዝ ቆረጠው፣ ቀጥቅጦም ማረሻ አወጣለት። የባሌስትራ ብረት ካርቦን የበዛበት ስለሆነ ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ ስለቱም ቶሎ አይዶለዱምም። ለዚህ ነው ገበሬው ማረሻ ሲገዛ «የባሌስትራ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው። የቡራዩን ድንጋይ ሲሸከም የኖረው ብረት በወጨጫ ግርጌ መሬት ሊያርስ ሄደ።

ስለ ማንጠልጠያ በወጉ የተማርኩት ግን ዓለም ገና፣ ከቡታጅራው መገንጠያ አጠገብ ባለ ቆርቆሮ በቆርቆሮ በሆነ ጋራዥ ውስጥ ነው። ዓለም ገና ያኔ የመንገዶች ባለሥልጣን ማሠልጠኛ ያለባት ከተማ ስለነበረች ግሬደርና ዶዘር ሲፈታ ሲገጣጥም የኖረ መካኒክ አይጠፋባትም ነበር። የጋራዡ ባለቤትም ዕድሜያቸውን ከመንገድ ሥራ መኪኖች ጋር ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። እጃቸው ከግራሶ ብዛት መስመሩ ሁሉ ጠቁሯል። ልጅ ብሎ ማባረር አያውቁም፤ የሚያባርሩት ዕቃ ነክቶ ቦታው የማይመልስን ብቻ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሞ ነበር። ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ከታየበት ጊዜ አንስቶ ለ35 ዓመት ያህል፣ ባለ ሞላው እስኪመጣ ድረስ፣ አራቱም እግሮቹ የሚቆሙት በባሌስትራ ላይ ነበር። አባባ ጠመኔ አምጣ አሉኝ። በግራ በኩል ባሉት በፊተኛውና በኋለኛው ማንጠልጠያዎች አቅጣጫ ሻንሲው ላይ አንድ አንድ ነጭ መስመር አሰመሩኝ። ከዚያ ክሪኩን ከፊት ግራ ጎማ ሥር አስገብተው ማንሳት ጀመሩ።

«አሁን መስመርህን እያየህ ተናገር» አሉኝ።

ፊተኛው ማንጠልጠያ ከመስመሩ ወደ ኋላ ሸሸ። ኋለኛው ደግሞ ከመስመሩ ወደ ፊት መጣ። አባባ ክሪኩን በረገጡ ቁጥር አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ይመጣል። ከፊት ያለው ባሌስትራ ተጨንቆ ተዘርግቷል፤ ከኋላ ያለው ጭነቱ ቀልሎለት ይበልጥ ጎብጧል። ጎማው ያን ያህል ወደ ላይ ሲወጣ ሳጥኑ ያጋደለው ጥቂት ብቻ ነው። አባባ ጋዜጣ ቀደዱና ከኋላ ግራ ጎማ ሥር ግማሹን አስገብተው ጫፉን አስያዙኝ። «ሳብ» አሉኝ፤ ስስበው አልወጣም። ክሪኩን ጥቂት ጨመሩና «አሁንስ?» አሉ። ወረቀቱ ሰተት ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ማንጠልጠያው የሚሄድበትን ርቀት ጨርሶ ነበር።

«ይሄ ጎማ ከአሁን በኋላ ሥራ ፈት ነው» አሉኝ። «ዲፈረንሻል ኃይል የሚሰጠው ለቀለለው ጎማ ነው። አየር ላይ የቀረው ብቻውን ይሽከረከራል፣ መሬት የያዘው ጓደኛው ይቆማል። መኪና ሞተሩ እያጓራ፣ አንድ ጎማው እየዞረ፣ እሱ ከቦታው ንቅንቅ የማይለው በዚህ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንገድ መኪና ጥሩነት ለእኔ የሚለካው በወረቀት ነው። ድንጋይ ሲወጣ ወረቀቱን ይዞ የሚቆይ መኪና ጥሩ ነው።

ያ ላንድሮቨር ተጠግኖ ሲያልቅ ወደ ሱባ ጫካ የሚወጡ ሰዎች ነበሩና አባባ እኔንም ይዘውኝ ወጡ። ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ የሚያወጣው መንገድ ያኔ ዝናብ የቦረቦረው ፈፋ፣ የጥድ ሥርና የተፈነቀለ ድንጋይ ነበር። በታሪክ እንደሚነገረው የጫካው ጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ መጥቶ የተተከለው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው። ጫካው ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ያረፈ ነው፤ ጥዱና ዝግባው ፀሐይ አያስገባም፣ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያያል። እኔ ከመኪናው ወርጄ በጎን በኩል እየተራመድኩ ወደ ታች አይ ነበር። የግራው ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ፣ የቀኙ ፈፋ ውስጥ ሲገባ፣ ማንጠልጠያዎቹ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ይላሉ፤ ከቦኮላው ጎማ ቀጭን የሲጥሲጥታ ድምፅ ይወጣል። ሾፌሩ መሪውን በሁለት ጣቱ ይዞ በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያለ ይወጣል። ጋዝ አይረግጥም፣ አይጣደፍም። ባሌስትራው ጊዜ እንዲያገኝ ይተወዋል። ጥሩ ሾፌር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት እዚያ ነው።

ሱሉልታ ደግሞ ሌላውን ትምህርት ሰጠችኝ። ከእንጦጦ ማዶ ያለው ያ ሰፊ ሜዳ በክረምት ውኃ ያቁራል፤ መረሬው ጎማ ላይ ተለጥፎ ጎማውን ድቡልቡል ያደርገዋል። ከብት ለማከም የሚዞር ዘመዴ በቶዮታ ሃርድ ቶፕ ይዞኝ ገብቶ ነበር። አራቱም ጎማዎች መሬት ይዘዋል፣ ባሌስትራውም አልጎደለበትም፤ መኪናው ግን ይንሸራተታል። እዚያ የሚያዋጣው የጎማ ጥርስ፣ የሾፌር ትዕግሥትና ከሜዳው ዳር ያለው የገበሬ በሬ ነው። ማንጠልጠያ የድንጋይና የፈፋ መድኃኒት ነው፤ ጭቃ ሌላ መድኃኒት አለው። ለተወደደ ነገርም ልኩን ማወቅ ክብር ነው።

ተጣጣፊ ማንጠልጠያ የሚባለውን ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም መፍቻ መያዝ ከለመድኩ በኋላ ነው። ከአውሮፓ ተነሥተው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወርዱ መንገደኞች በቡታጅራና በአርባ ምንጭ አልፈው፣ በኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ ሊሻገሩ ሲሉ ዓለም ገና ቆመው የዕቃ መጫኛቸውን ሊያስበይዱ አባባ ጋራዥ ገቡ። በያጁ ሥራውን ሲሠራ እኔ እንደ ልማዴ ከሥር ገባሁ። ባሌስትራው የማውቀው ባሌስትራ ነው፤ ማንጠልጠያው ግን መሐሉ ላይ ሌላ መገጣጠሚያ አለው።

«አባባ፣ ይምጡና ይዩ!» ብዬ ጮህኩ።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ካርቶን አንጥፈው አጠገቤ ተጋደሙ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ባለቤቶቹን አስፈቅደን መኪናውን ከሻንሲው በክሪክ አነሳነው። መጀመሪያ ባሌስትራው ጎበጠ፣ ማንጠልጠያውም እንደማንኛውም ማንጠልጠያ ዞረ። የተለመደው ማንጠልጠያ በቃኝ ከሚልበት ቦታ ሲደርስ ይሄኛው መሐሉ ላይ እንደ ጉልበት ተዘረጋ። አክስሉ ተጨማሪ ወረደ፤ ሻንሲው ወደ ላይ እየሄደ ጎማው መሬት እንደያዘ ቀረ። መገጣጠሚያው ወደ ጎንም ጥቂት ስለሚዞር፣ አክስሉ ሲያጋድል የባሌስትራው ጆሮ አይጠመዘዝም፣ ቦኮላውም አይጨነቅም። ክሪኩን ስንለቀው ተጣጠፈ፣ መቀመጫው ላይ ግጥም አለ፣ ተራ ማንጠልጠያ መሰለ። አስፋልት ላይ የመኪናው ክብደት ራሱ ዘግቶ ይይዘዋል ማለት ነው።

አባባ ጋዜጣ ጠየቁ። ለማንም ያልገባ ነገር ለእኔ ገባኝ። ቀድጄ ከጎማው ሥር አስገባሁና ሳብኩ፤ አልወጣም።

የአባባን ፊት ዛሬም አየዋለሁ። በደስታ ሳቁ፣ ጀርባዬንም መታ መታ አደረጉ። ሆኖም መካኒክ ናቸውና ደስታቸው ምርመራቸውን አላስቀረውም። የፍሬኑ ቱቦ ያን ያህል ለመውረድ ይበቃ እንደሆነ በእጃቸው ለኩ፤ አሞርዛተሩ ሳይዘረጋ አክስሉን አንጠልጥሎ እንዳይቀር አዩ፤ ወደ አክስሉ የሚሄደው የትራንስሚሽን ዘንግ ከካምቢዮው ወጥቶ እንዳይላቀቅ ፈተሹ። ሁሉም ታስቦበት ረዝሟል። ከዚያ ተቀመጡና ነገሩኝ፦

«ልጄ፣ ይሄ የሚከፈተው ጎማው ክብደት ሲያጣ ነው። ክብደት ያጣ ጎማ መሬት ቢነካም የሚቆነጥጠው ትንሽ ነው። ስለዚህ ይረዳል እንጂ ተአምር አይሠራም። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ደግሞ የፊቱ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ፊት ላይ ያለው ከተከፈተ አፍንጫው ይነሳል። የሚገጥመው ሰው ቀስ ብሎ የሚነዳ መሆን አለበት። ለጭነት መኪና አይሆንም። ግን የሠራው ሰው አእምሮ የተባረከ ነው፤ ባሌስትራውን ሳይነካ የሚላወሰውን ብቻ አሻሻለው።»

እኔም ያን ዕለት የተደነቅሁት በዚሁ ነው። መንገደኛው መኪናውን ለሩቅና ለክፉ መንገድ ሲያዘጋጅ ወፍራም ብረት መጨመር ይችል ነበር። ብረት መጨመር ግን ባሌስትራውን ያደነድነዋል፤ የደነደነ ባሌስትራ ጭነት ይሸከማል፣ ጎማን ግን ወደ ፈፋ ውስጥ አያወርድም። የቡራዩ ድንጋይ ጫኝና የኦሞ መንገደኛ ከአንድ ዕቃ የሚፈልጉት ተቃራኒ ነገር ነው። ሁለቱንም የሚያስታርቃቸው የማንጠልጠያው ርዝመት፣ የሚቆምበት ማዕዘንና የሚዞርበት ልክ ነው። ይህን ሳስብ መካኒክነት ብሎን ከማጥበቅ ያለፈ፣ ለእያንዳንዱ መንገድ የሚስማማውን ልክ የመፈለግ ጥበብ እንደሆነ ገባኝ፤ እስካሁን የምኖርበት ሥራዬም ያኔ ተወሰነ።

ዛሬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ፈፋ የነበረው ብዙ መንገድ ኮብልስቶንና አስፋልት ሆኗል፤ በጋሪው ቦታ ባጃጅ ገብቷል። ቅንጡ መኪኖች በሞላና በአየር ይንሳፈፋሉ። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 70 ቁጥሩ ላንድክሩዘር እንኳ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊቱን ወደ ሞላ ቀይሯል፤ ኋላውን ግን በባሌስትራ እንዳቆመ አለ። አይሱዙውም፣ ሲኖትራኩም፣ የካባው ገልባጭም እንዲሁ። እህላችን፣ ሲሚንቷችንና ድንጋያችን ከቦታ ቦታ የሚሄደው ዛሬም በባሌስትራና በማንጠልጠያ ላይ ነው።

ስለዚህ ጋራዥ የሚገቡ ወጣቶችን የማስተምረው ከዚያ ጀምሬ ነው። ጠመኔና ጋዜጣ እሰጣቸዋለሁ፣ መስመር እንዲያሰምሩ አደርጋለሁ፣ ክሪኩን ራሳቸው እንዲረግጡ እተዋቸዋለሁ። ሲገባቸው ፊታቸው ሲበራ አያለሁ። ሾፌሮችንም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ዘይት በምትቀይሩ ቁጥር ማንጠልጠያውን ግራሶ አጠጡት፣ ቦኮላው ከተበላ ለነገ ሳትሉ ቀይሩት፣ ስትጭኑም ጣታችሁ የምትገባበትን ክፍተት አትድፈኑ። ባለጋሪው፣ አጎቴና አባባ ለእኔ ያለ ክፍያ የሰጡኝ ይህ ነው፤ እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ።